በገንፎ የተፈረደበት አልበም ጎንደር ላይ ሲደመጥ

እ.ኤ.አ. በ1993 «ሜሎዲ ሜከር» በተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ሳምንታዊ ላይ የጻፈ አንድ ሐያሲ፣ የአንድ ወጣት ሮክ ባንድን ሁለተኛ አልበም ደግሞ ከመስማት ይልቅ ገንፎ በሞላው ገንዳ ውስጥ ታፍኖ መስጠም እንደሚሻለው ለአንባቢ ነገረ። ከአሥሩ ዘፈኖች አንዷን ብቻ ማረ። ባንዱ ስሎውዳይቭ ይባላል፤ አልበሙ «ሱቭላኪ»። የእንግሊዞች ገንፎ ከአጃ የሚሠራ፣ ቅቤም በርበሬም የማያውቅ ነገር ስለሆነ የቅጣቱ ክብደት ይገባኛል። ጎንደር ላይ ግን ገንፎ የአራስ ቤት ምግብ ነው፣ የእልልታ ምግብ ነው። ይህን ፍርድ ያነበብኩላቸው ሰዎች መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሙዚቃው ሳይሆን ቅቤው በቂ ነው ወይ ብለው ነው።

ቀልዱ ይቆየንና ፍርዱ የምር ጉዳት አድርሷል። ስሎውዳይቭ ከለንደን በስተምዕራብ ባለችው በሬዲንግ ከተማ በ1989 የተመሠረተ ባንድ ነው። ኒል ሃልስቴድና ሬቸል ጎስዌል አብሮ አደጎች ናቸው፤ ሁለቱም ይዘፍናሉ፣ ሁለቱም ጊታር ይጫወታሉ። ክርስቲያን ሳቪል ሌላ ጊታር፣ ኒክ ቻፕሊን ቤዝ፣ ሳይመን ስኮት ድራም ይዘው ተቀላቀሉ። ገና ልጆች ሳሉ «ክሪኤሽን» ከሚባለው የሙዚቃ አሳታሚ ጋር ተፈራረሙ። የመጀመሪያዎቹን አጫጭር ሥራዎቻቸውን ጋዜጦቹ ሰማይ ሰቀሏቸው። በመስከረም 1991 «ጀስት ፎር ኤ ዴይ» የተሰኘው የመጀመሪያ አልበማቸው ሲወጣ ግን ነፋሱ ዞሯል። በዚያው ወር የአሜሪካው ኒርቫና «ኔቨርማይንድ»ን አወጣ፤ ዓለም ወደ ሻካራውና ወደሚጮኸው ጊታር ሄደ። በ1993 ደግሞ እንግሊዞቹ ስዌድ የሚባል አዲስ ባንድ አግኝተው የራሳቸውን አዲስ ዘመን ማወጅ ጀመሩ። «ሱቭላኪ» የወጣው እንግዲህ በዚያው ዓመት ነው፤ ሠርጉ ተበትኖ ድንኳኑ ሲነቀል እንደደረሰ እንግዳ።

የሆነውን በአጭሩ ልጨርሰው። አልበሙ አልተሸጠም። በ1995 ሦስተኛውን «ፒግማሊየን»ን አወጡ፤ አሳታሚው በጥቂት ቀናት ውስጥ አሰናበታቸው፤ ባንዱ ፈረሰ። ኒልና ሬቸል «ሞሃቪ ስሪ» በሚል ስም ለስላሳ የሕዝብ ዘፈን መሰል ሙዚቃ ይዘው ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ ባለው ጊዜ፣ የፈረሰው ባንድ ሙዚቃ ከአንዱ ወጣት ኮምፒውተር ወደ ሌላው እየተላለፈ ተዛመተ። በ2014 ተመልሰው ተሰባሰቡ፤ በ2017 በራሳቸው ስም፣ በ2023 ደግሞ «ኤቭሪቲንግ ኢዝ አላይቭ» በሚል አዳዲስ አልበሞች አወጡ። የመጨረሻው በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያዎቹ አሥሮች ገባ፤ በወጣትነታቸው ያላዩትን ነገር በጎልማሳነታቸው አዩ። ዛሬ «ሱቭላኪ»ን የማያመሰግን ሐያሲ ማግኘት ይቸግራል።

እኔን የሚከነክነኝ ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ያኔ ብዙዎች ሰደቡት፤ አሁን ሁሉም ያመሰግነዋል። በሁለቱም ጊዜ ሰዎች አልበሙን ሳይሆን ስለ አልበሙ የተነገራቸውን ታሪክ የሰሙ ይመስለኛል። ያኔ ታሪኩ «ጊዜ ያለፈባቸው፣ ቀና ብለው ተመልካች የማያዩ የሀብታም ሰፈር ልጆች» የሚል ነበር። አሁን «የተበደሉ፣ ከዘመናቸው የቀደሙ ሊቃውንት» የሚል ሆኗል። መበደል ግን የሙዚቃ ጥራት አይደለም። ስንትና ስንት ተበድሎ የተረሳ፣ በእርግጥም መረሳት የሚገባው አልበም አለ።

እዚህ ጎንደር የሰማኋቸው አስተያየቶች የሚጥሙኝ ለዚህ ነው። አብዛኞቹ አድማጮች ታሪኩን አያውቁትም። አልበሙን የማስደምጣቸው ሰዎች ሲጠይቁኝ «የእንግሊዝ ባንድ ነው» ከማለት አላልፍም። ዘመኑን፣ ገንፎውን፣ መመለሳቸውን የምነግራቸው ሰምተው ከጨረሱና የየራሳቸውን ከተናገሩ በኋላ ነው። (ይህን ጽሑፍ በታሪኩ መጀመሬ እንግዲህ የሚያስተዛዝብ ነው፤ ግን ጽሑፍ ድምፅ የለውም፣ ምን ላድርግ።)

ሙዚቃው ወደዚህ የሚደርስበትን መንገድም ልብ በሉ። ድሮ ሙዚቃ ቤት ሄደን ካሴት እናስገለብጥ ነበር፤ ከዚያ ሚሞሪ ማስጫን መጣ፤ አሁን ቴሌግራም ነው። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ፣ የባንዱ አዲሱ አልበም ለዓለም በተለቀቀበት ሰሞን፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ለወራትም እንደተቋረጠ ቆየ። ያን ጊዜ ስልክ ላይ ተጭኖ የተገኘ ሁሉ ውድ ሆነ። አዲስ ነገር አይመጣም፤ ያለህን ደጋግመህ ትሰማለህ። ብሉቱዝ እንደገና ሥራ አገኘ። መቋረጡን ላመሰግን አይደለም፤ የስንቱን ሰው ትምህርትና ንግድ እንዳበላሸ አውቃለሁ። ግን «ሱቭላኪ»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በተቀመጠለት ቅደም ተከተል፣ ሳያዘልሉ የሰሙ ሰዎችን ያገኘሁት በዚያ ሰሞን ነው።

አስተያየታቸው አንድ አይደለም፤ አንድ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

በጡረታ ላይ ያሉ የአማርኛ መምህር ጎረቤቴ የመጀመሪያውን ዘፈን «አሊሰን»ን ሰምተው እስኪያልቅ ታገሱ። ከዚያ «ልጄ፣ ሰውየው ምን አለ?» አሉኝ።

«ስለ አንዲት ልጅ ነው ጋሼ።»

«ስለ ማን እንደሆነማ ሙዚቃው ይናገራል። ምን አለ ነው የምልህ። ይሰማሃል ቃሉ?»

እውነቱን ለመናገር ግማሹ አይሰማም። ሆን ተብሎ ነው። ድምፃውያኑ ከጊታሮቹ ኋላ ቆመዋል፤ ጊታሮቹ በማሚቶና በድምፅ ማጎርነኛ መሣሪያ ውስጥ አልፈው እንደ ጉም ተነጥፈዋል። የሬቸልና የኒል ድምፅ ከዚያ ጉም ውስጥ አንዳንዴ ብቅ ይላል፣ አንዳንዴ ይሰምጣል። እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፍ ሰው እንኳ ግጥሙን ጽሑፍ ላይ ሳያይ ሙሉ በሙሉ አይዘውም።

የመምህሩ ቅሬታ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ጎንደር የቃል ከተማ ናት። አዝማሪ ቤት ገብቶ የተቀመጠ ሰው የሚጠብቀው ዜማውን አይደለም፤ ዜማውን ያውቀዋል። የሚጠብቀው ስንኙን ነው። አንዱ ከተቀመጠበት «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውራል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቋርጥ ተቀብሎ ይመልሳል፤ ቤቱ በሙሉ ጆሮውን አቁሞ ወርቁን ከሰሙ ይፈለቅቃል። አንዲት ፊደል ብትዋጥ ቀልዱም ስድቡም ውዳሴውም ይበላሻል። ለእንዲህ ያለ ጆሮ ቃሉ የማይሰማ ዘፈን በር ተዘግቶበት ውስጥ ሳቅ እንደሚሰማ ሰው ማድረግ ነው፤ ያናድዳል። የእንግሊዙ ሐያሲ ሊሰጥ ያልቻለውን ምክንያት ጋሼ በአንድ ጥያቄ ሰጡ። አልበሙ ላይ እስካሁን ካነበብኩት ትችት ሁሉ የሳቸው ይበልጥብኛል።

ይበልጥብኛል ስል እስማማለሁ ማለቴ አይደለም። ምክንያቱም ያው የጎንደር ጆሮ ሌላ የመስማት ልማድም አለው። ይህች ከተማ የአቋቋም ትምህርት ማዕከል ናት፤ የበአታ ማርያምን ደብር የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የለም። ማኅሌት ላይ አንዲት የግዕዝ ቃል በዜማ ተስባ፣ ተለጥጣ፣ በጸናጽልና በከበሮ ታጅባ ረጅም ጊዜ ስትወስድ፣ ቆሞ ከሚያስቀድሰው ሕዝብ ስንቱ ነው ቃል በቃል የሚከታተለው? ሆኖም ማንም «ምን አለ?» ብሎ አይወጣም። ጸሎትን ከሮክ ጋር ላስተካክል አይደለም፤ ስለ ጆሮ ነው የማወራው። ቃሉ በድምፅ ውስጥ ሲሟሟ ታግሦ የሚቆም ጆሮ እዚሁ አለ፤ ከሌላ አገር ማምጣት አያስፈልግም። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «እሱ ለእግዚአብሔር ነው፣ ይኼኛው ለአሊሰን ነው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማሲንቆ የሚጫወት ወዳጄ ደግሞ ከሌላ በር ገባ። እሱን ቃሉ አላሳሰበውም። ትንሿን ስፒከር አንስቶ ጆሮው ሥር አስጠጋና «ይኼ እኮ ይነዝራል» አለ። የሰማው ስድስተኛውን ዘፈን «ሱቭላኪ ስፔስ ስቴሽን»ን ነው፤ ቤዙ ከሥር እየዞረ፣ ጊታሩ እየተመላለሰ በራሱ ማሚቶ ላይ እየተደራረበ፣ የሬቸል ድምፅ በመሃል እየተበታተነ የሚሄድ ዘፈን። «በገና አስታወሰኝ» አለ። ፈረንጆቹ በሰላሳ ዓመት ያላሰቡትን አሰበ ብዬ አላጋንንም፤ ግን ትክክል ነው። የበገና አሥር ጅማቶች ከብርኩማው ጋር በሚገናኙበት ቦታ እንዚራ የሚባል የቁርበት ቅዳጅ ይገባል። እሱ ባይኖር በገና ክራር ነው፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ያልቃል። እንዚራው ሲገባ ጅማቱ ቁርበቱን እየነካካ ይነዝራል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ይንገላጀጃል። ደርዳሪው እንዚራውን በጥቂቱ እየገፋ እየሳበ የንዝረቱን ልክ ያወጣል። የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋች በእግሩ ሥር ባለችው ሳጥን የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ጥርት ያለውን ድምፅ አንስቶ ያሻክረዋል፣ ማሻከሩንም ይለካል። «ጩኸት ነው፣ የኛ አይደለም» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ንዝረት ከጥራት ይልቅ ልብ እንደሚገባ የኛ ሰዎች ያወቁት ኤሌክትሪክ ሳይታሰብ ነው።

ይኸው ወዳጄ ግን አልበሙን አላሞካሸውም። «ኦልቱጌዘር» እና «ሜለን የሎው» ላይ ሲደርስ አዛጋ። እነዚህ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ናቸው። ከነሱ በፊት የሚመጣው «ዌን ዘ ሰን ሂትስ» የአልበሙ ቁንጮ ነው፤ በቀስታ ይጀምርና አዝማቹ ላይ ሁሉም ጊታር አንዴ ሲወርድ ተቀምጦ የሚሰማ ሰው እንኳ ወንበሩን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ሁለት ዘገምተኛ ዘፈኖች ማስከተል ድግሱን ቆርሶ መተው ነው። ወዳጄ ትክክል ነው፤ «ሜለን የሎው» አሁን በሚያመሰግኑት ዘንድ ስም የሚጠራለት አይደለም፣ ለምን እንደማይጠራ ግን ማንም አይጽፍም። የተበደለ አልበም ጉድለቱ አይነገርም ማለት ነው?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አሉ፤ ማራኪ በሚባለው ግቢ አካባቢ። እነሱ ስሎውዳይቭን ከእኔ ቀድመው ያውቁታል፤ በአጫጭር ቪዲዮዎች ጀርባ ሰምተውታል። «ለጥናት ይመቻል» ይላሉ። እንቅልፍ ሲያጡም ይከፍቱታል። ይህን ሐሳብ መቃወም ይከብዳል፤ ሙዚቃ ለባለቤቱ የሚጠቅመው እሱ ባወቀው መንገድ ነው። ቢሆንም ትንሽ ያበሳጨኛል። ያኔ ጋዜጠኞቹ ሳይሰሙ ጣሉት፤ እነዚህ ደግሞ ሳይሰሙ ወደዱት። ከመካከላቸው አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ብቻ ጆሮ ማዳመጫዋን ነቅላ አንድ ነገር አለችኝ፤ «ማሽን ገን» ላይ ሴቷ ከፍ ብላ ስትዘፍን ወንዱ ገብቶ ሲመልስላት፣ የሚነጋገሩ ሳይሆን በየበኩላቸው ክፍል ሆነው የሚዘፍኑ ይመስላል አለች። ልጅቷ የማታውቀውን ነገር ያኔ ነገርኳት፤ ኒልና ሬቸል የፍቅር ጓደኛሞች ነበሩ፣ ይህ አልበም በሚጻፍበት ሰሞን ተለያይተዋል፣ እሱ ወደ ዌልስ ገጠር ብቻውን ሄዶ ከፊሉን ግጥም እዚያ ጽፏል። «ገብቶኛል» አለች እንጂ አልተደነቀችም። ታሪኩ ለሷ ማረጋገጫ ሆነ እንጂ መነሻ አልሆነም። እኔ የምለው ቅደም ተከተል ይኼ ነው።

ስለ ሁለተኛ አልበም በጥቅሉ አንድ ነገር ልበል። የመጀመሪያ አልበም የዕድሜ ልክ ጥርቅም ነው፤ ባንዱ ከመታወቁ በፊት የሠራውን ሁሉ መርጦ ያወጣዋል። ሁለተኛው ግን ቀጠሮ ተቆርጦለት፣ ገንዘብ ወጥቶበት፣ ሰው እየጠበቀ የሚሠራ ነው። ስሎውዳይቭ ለሁለተኛው ወደ አርባ የሚጠጉ ዘፈኖች ጽፈው ለአሳታሚያቸው ለአለን መጊ ይዘው ሄዱ፤ ሰውየው ሁሉንም አጣጥሎ መለሳቸው። ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ ልጆች ይህን ሰምተው አለመበተናቸው ያስገርመኛል። ከዚያ ለታዋቂው እንግሊዛዊ ሙዚቀኛና ፕሮዲዩሰር ለብራያን ኢኖ ጻፉለት፤ አልበሙን ፕሮዲዩስ እንዲያደርግ። ኢኖ ያንን አልፈለገም፤ ግን መጥቶ አብሯቸው ጥቂት ሠራ፤ «ሲንግ» እና «ሂር ሺ ከምስ» ላይ እጁ አለበት። ያ የገንፎው ሐያሲ የማራት አንዲት ዘፈንም «ሲንግ» መሆኗ አጋጣሚ ነው ብዬ ለማመን እቸገራለሁ። የኢኖ ስም ተጽፎባታላ! እኔ በበኩሌ «ሂር ሺ ከምስ» ትበልጥብኛለች፤ አጭር ናት፣ ብርድ ብርድ ትላለች፣ ለማስደነቅ አትሞክርም።

ወደ አገራችን ስንመጣ የባንድ ሁለተኛ አልበም ራሱ ብርቅ ነው። ባንዶቻችን በአብዛኛው የድምፃዊ አጃቢ ሆነው ነው የኖሩት፤ ካሴቱ ላይ ትልቁ ፎቶ የዘፋኙ ነው፣ ባንዱ ከጀርባው በትንሽ ፊደል። እነ ዋልያስ ባንድ በ1977 እ.ኤ.አ. «ቸ በለው»ን ያለ ዘፋኝ ሲያወጡ የነበረው ድፍረት ዛሬም አልተለመደም። የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራው ካሴት ከዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ በ2013 ዳግም ሲታተም፣ ኃይሉ ዋሽንግተን አጠገብ ታክሲ እየነዳ ነበር። ያኔ እኛ ደግሞ ተገርመን ማዳመጥ ጀመርን። ይህም ታሪክ ያምራል፤ ግን አሁንም ስለ ታክሲው የሚያወራ ሰው ስለ አኮርዲዮኑ ከሚያወራው ይበዛል።

ለቅርቡ ምሳሌ ጃኖ ባንድ አለ። በአሜሪካዊው በቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት «ኤርታሌ»ን በ2012 አወጡ፤ ሁለተኛውን «ለራስህ ነው»ን ይዘው የመጡት በ2018 ነው፤ ሁለቱም በፈረንጆቹ አቆጣጠር። በአማርኛ፣ በኛው ቅኝት፣ በኤሌክትሪክ ጊታር ሮክ መጫወት ምን እንደሚመስል ያሳየ ባንድ ነው። ሁለተኛው ሲወጣ እዚህ የሰማሁት አስተያየት ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ «የመጀመሪያው ይሻላል» የሚል፤ የሚናገረው ሰው ስንቱን ዘፈን ሰማህ ሲባል አንድ ክሊፕ አይቶ ነው። ሌላው «ጎበዞች ናቸው ግን የኛ አይደለም» የሚል። ስለ ጊታሩ፣ ስለ ድምፆቹ ቅብብል፣ ስለ ቅኝቱ አያያዝ የሚያወራ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ባንዱን አልወደድኩትም ማለት መብት ነው፤ እኔም ሁሉንም ዘፈኖቻቸውን አልወድም። «የኛ አይደለም» ግን የሙዚቃ አስተያየት አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችን ከኢየሩሳሌም አምጥተው የነሐስ ባንድ ባያቋቁሙ ኖሮ ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለው የሳክስፎንና የትራምፔት ዘፈን መልኩ ሌላ በሆነ ነበር። ሳክስፎን የኛ የሆነው ማንም ሳይከለክለው ስለተጫወተ ነው። ጊታሩስ ምን ሆነ?

እዚህ ላይ የሚነሳብኝ ተቃውሞ ይታየኛል። ታሪክ ሳያውቁ መስማት ይቻላል ወይ? ጎንደር ያለ ሰው ስለ ሬዲንግ ልጆች መለያየት ካልተነገረው፣ ስለ ኒርቫና ካልተነገረው፣ ሙዚቃው ከምን ጋር እየተከራከረ እንደነበር እንዴት ያውቃል? አያውቅም። ሁሉን እንዲያውቅም አልፈልግም። ታሪኩ ይምጣ፣ ግን ዘግይቶ ይምጣ። ያ ተማሪ ወይም ያ ማሲንቆ ተጫዋች መጀመሪያ የራሱን ከተናገረ በኋላ ታሪኩ ሲመጣ የሚጨምርለት ይጨምርለታል እንጂ አፉን አይዘጋውም። አስቀድመህ «ይህ በዓለም የተመሰከረለት ድንቅ አልበም ነው» ብትለው ግን ያዛጋበትን ዘፈን አዛጋሁበት አይልህም፤ ያፍራል። «ይህ በገንፎ የተሰደበ ነው» ብትለውም እንደዚያው፤ ስቆ ያልፈዋል። የኛ የኤፍኤም አዘጋጆችም ቢሆኑ ዘፈን ከማስገባታቸው በፊት የዘፋኙን ገድል ለረጅም ደቂቃ ይተርኩና ዘፈኑን ከመሃሉ ይቆርጡታል። ቢገለብጡት ደስ ይለኝ ነበር።

የአልበሙ መዝጊያ «ዳገር» ላይ ጋሼና ማሲንቆ ተጫዋቹ አንድ ቀን ቤቴ ተገናኝተው ተከራከሩ። «ዳገር» ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነው፤ ጉሙ ተገፍፎ አኩስቲክ ጊታርና የኒል ድምፅ ጎልተው ቀርተዋል፤ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። አንድ ሰው የሚወዳትን ሲያቆስል፣ ራሱም ሲቆስል የሚናገርበት ነው። ወዳጄ «ይኼ ከአልበሙ ይውጣ» አለ፤ ያን ሁሉ ንዝረት ሲገነባ ቆይቶ መጨረሻ ላይ እንደማንኛውም ዘፋኝ ጊታሩን አንጠልጥሎ ቆመ፤ ፈራ ማለት ነው አለ። ጋሼ ደግሞ በተቃራኒው «እንዲህ መናገር የሚችል ሰው ለምን እስካሁን አፉን ሸፈነብን?» ብለው ተቆጡ። በሳቸው ሚዛን ዘጠኙ ዘፈኖች የአሥረኛው መግቢያ ናቸው፤ ያውም የረዘመ መግቢያ። እኔ ወደ ወዳጄ አደላለሁ፤ «ዳገር» ቆንጆ ነው፣ ግን ማንም ጥሩ ዘፋኝ ሊሠራው ይችል የነበረ ቆንጆ ነው፤ «ሱቭላኪ ስፔስ ስቴሽን»ን ግን ሌላ ማንም አይሠራውም።

ጋሼን አንቱ ደግሞ ሦስተኛውን አልበም ይስሙልኝ ብዬ ለምኛቸዋለሁ። «ቃል አለው?» አሉኝ።

«ከዚህኛውም ያነሰ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው ሻዩን አንተ ታፈላለህ።»